ድስት ከመጣዱ በፊት፦ ከሸትላንድ እስከ ካሉብ፣ የነዳጅ ገንዘብ ባለአገሩ እጅ እንዴት ይገባል?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ሳምንታዊ የሐተታ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ተገልብጦ የተጻፈ)

 

ባለፈው ሳምንት ዝግጅታችን ካለቀ በኋላ አንድ ተመልካች ከሚኒያፖሊስ ደወሉልኝ። የከባድ ጭነት መኪና አሽከርካሪ ናቸው። ትውልዳቸው ሽላቦ ነው፣ የካሉብ ጋዝ ያለበት ወረዳ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። «ወንድሜ፣ ካሉብ ስንት ጊዜ እልል እንደተባለለት ታውቃለህ?» አሉኝ። «አባቴ ግመል ሲጠብቅ ጋዝ ተገኘ ተባለ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሩሲያኖቹ ይቆፍሩ ነበር። ልጆቼ እዚህ ተወልደው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ይኸው እንደገና ሪባን ተቆረጠ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በዓለም ላይ ነዳጅ ወጥቶበት የተጠቀመ መንደር አለ? ወይስ ሁሉም እንደ እኛ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው?»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። «ፈልጌ በዝግጅቱ ላይ እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው። ዛሬ የማወራችሁ ያንን መልስ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠራ ከወዲሁ ይቅርታ።

አጭሩ መልስ፣ አዎ፣ አለ። ግን እንዴት እንደተጠቀሙ ሲታይ እኛ ብዙውን ጊዜ ከምናስበው የተለየ ነው። እኛ «ኩባንያው ለአካባቢው ምን ሠራ?» ብለን እንጠይቃለን። ትምህርት ቤት ቀለም ቀባ ወይ? አምቡላንስ ሰጠ ወይ? ጉድጓድ ቆፈረ ወይ? የተጠቀሙት ሰዎች ግን የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነው።

ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ወደ ኖርዌይ በሚወስደው ባሕር ላይ፣ ሸትላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ንፋስ የማያርፍባቸው፣ ዛፍ እንደ ልብ የማይበቅልባቸው ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ 17 ሺህ ያህል ነበር፤ በእኛ አገር የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ማለት ነው። ሥራቸው ዓሣ ማጥመድ፣ በግ ማርባትና ሹራብ መሥራት ነበር። ወጣቱ ደግሞ እንደ እኛ ወጣት ሻንጣውን ይዞ ይሰደዳል።

በ1971 ከደሴቶቹ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ ብሬንት የተባለው የነዳጅ መስክ ተገኘ። አዎ፣ ዜና ላይ «የብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ይህን ያህል ገባ» ሲባል የምትሰሙት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ነዳጁን በቧንቧ ወደ የብስ አውጥቶ በመርከብ ለመጫን ጥልቅ ውሃ ያለው፣ ከማዕበል የተጠለለ ቦታ ያስፈልጋል። ሸትላንድ ላይ እንዲህ ያለ ጠባብ የባሕር ሰርጥ አለ፤ ሰሎም ቮ ይባላል።

የመሬት ደላላ መቼም ከኩባንያው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እዚያም እንዲሁ ሆነ። በሰሎም ቮ ዙሪያ ያለውን መሬት ከገበሬው ላይ በቀብድ መያዝ ተጀመረ። ኩባንያዎቹም ስማቸውን ሁላችንም የምናውቃቸው፣ ነዳጅ ማደያቸው በየመንገዱ ያለ ግዙፎች ናቸው። በጊዜው እያንዳንዱ የራሱን ተርሚናል በፈለገበት ሊሠራ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ነዳጁ የሸትላንዶች አልነበረም! ከባሕሩ በታች ያለው ሀብት የብሪታንያ ዘውድ ነው። ግብሩም ሮያሊቲውም የሚገባው ለንደን ነው። እነዚህ ዓሣ አጥማጆች «ነዳጁ የእኛ ነው» ብለው ቢከራከሩ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይሸነፉ ነበር። የያዙት ነዳጁን ሳይሆን በሩን ነው። «ነዳጃችሁ በእኛ መሬት፣ በእኛ ወደብ ማለፉ ካልቀረ፣ በሩን የምንከፍተውም የምንዘጋውም እኛ ነን» አሉ።

የደሴቶቹ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ኢያን ክላርክ የሚባል ሰው ነበር። ምክር ቤቱ ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቶ ወደ ለንደን ፓርላማ ሄደ። ሊለምን አልነበረም የሄደው፤ ሥልጣን ሊጠይቅ ነው። ብዙ ክርክር አልፎ በ1974 ለሸትላንድ ብቻ የሚሠራ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለዚያ ትንሽ ምክር ቤት ምን ሰጠው? በሰሎም ቮ ዙሪያ ያለውን መሬት በግዴታ ገዝቶ የራሱ የማድረግ ሥልጣን። የወደቡ አስተዳዳሪ የመሆንና ከሚጫነው ነዳጅ የወደብ ክፍያ የመሰብሰብ ሥልጣን። በባሕሩ ዳርቻ ማን ምን እንደሚሠራ የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን። በንግድ ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ የመያዝና ለነገ የሚሆን መጠባበቂያ የማከማቸት መብትም ጨመረለት። ደላላው በቀብድ የያዘው መሬት ትርፉ እዚያ ላይ አበቃ።

ምክር ቤቱ በዚህ አላቆመም። «በየሰርጡ ተርሚናል አትተክሉም። አንድ ቦታ፣ ሁላችሁም በጋራ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ያልተለመደ ነገር ጠየቀ፦ የረብሻ ካሳ። ለጠፋ ነገር አይደለም፤ ገና ለሚመጣው። «ከ6 ሺህ በላይ ሠራተኛ ታመጡብናላችሁ፤ መንገዳችን ይጨናነቃል፤ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ትቶ ለእናንተ ሊሠራ ይሄዳል፤ የቤት ኪራይ ይወደዳል። ኑሯችን ይናጋልና ለዚያ ትከፍላላችሁ» ማለት ነው። ኩባንያዎቹ ፈረሙ። እስከ 2000 ድረስ በዚህ ስም የተከፈለው ገንዘብ 81 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሲፈረም ግን አንድ በርሜል ነዳጅ ሰሎም ቮ አልደረሰም። የመጀመሪያው ነዳጅ በቧንቧ የገባው በ1978 ኖቬምበር ላይ ነው። እኛ ዘንድ አንድ አባባል አለ፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። ሸትላንዶች አማርኛ አያውቁም እንጂ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኩባንያው ቢሊዮኖች አፍስሶ ቧንቧውን ከቀበረ በኋላ ከማን ጋር ይደራደራል? ለምንስ ብሎ? የመደራደር ጉልበት ያለው ኩባንያው ሲፈልግህ ነው፤ ካገኘህ በኋላ አይደለም።

የተገኘው ገንዘብስ ምን ሆነ? ለአንድ ባለሥልጣን ኪስ ወይም ለዓመቱ በጀት ቀዳዳ አልተሰጠም። በ1976 የበጎ አድራጎት የአደራ ፈንድ አቋቁመው እዚያ ከተቱት። ፈንዱ ገንዘቡን በዓለም ገበያ ያሠራዋል፤ ከትርፉ ይሰጣል። ለርዊክ ከተማ ብቻ ሳይሆን ጥቂት መቶ ሰው ያለበት ደሴት ላይ ሁሉ የመዋኛ ገንዳና የስፖርት ማዕከል አለ። የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በየአካባቢው ተሠሩ፤ ሽማግሌው ከተወለደበት መንደር ሳይርቅ እንዲጦር ማለት ነው። ለጡረተኞችና ለአካል ጉዳተኞች የገና ስጦታ የሚታደልበት ዘመንም ነበር። ፈንዱ ለዓመታት ይህን ሁሉ ከሰጠ በኋላ ዛሬም ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሀብት አለው። ሕዝቡም አልተሰደደም፤ ወደ 23 ሺህ ገደማ አድጓል።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ተርሚናሉ ሥራ በጀመረ በወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ፣ በ1978 ዲሴምበር መጨረሻ፣ ኤሶ ቤርኒሻ የተባለች መርከብ ከመልሕቅ ማሰሪያው ጋር ተጋጭታ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ነዳጅ ሰርጡ ውስጥ አፈሰሰች። በሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎች አለቁ፤ በጎችም ተጎዱ። ከኩባንያዎቹ ጋርም በመሬቱ ኪራይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሸትላንድ ምዕራብ የሚወጣው ጋዝ ደሴቶቹ ላይ ተጣርቶ በቧንቧ ወደ ዋናው ስኮትላንድ ያልፋል፤ ሸትላንዶች ግን ቤታቸው የሚገባ የጋዝ መስመር የላቸውም። በዚያ ብርድ ቤት ለማሞቅ ከሌላው ብሪታንያዊ የበለጠ ወጪ ከሚያወጡት ውስጥ ናቸው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ውሉ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ መጣ፤ ያልተጻፈው አልመጣም።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን ወደ አላስካ እንሂድ፤ ከእናንተ መካከል እዚያ ያላችሁም ስላላችሁ። አንኮሬጅ የሚኖር አንድ ወዳጄ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ይደውልልኛል። «የነዳጁ ገባ» ይለኛል። እሱ በነዳጅ ሥራ ላይ አይደለም፤ ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። ግን የአላስካ ነዋሪ ስለሆነ የነዳጅ ድርሻ ይደርሰዋል። ዜጋ ከመሆኑም በፊት በግሪን ካርድ ጊዜ ይደርሰው ነበር። ሦስት ልጆቹም በየስማቸው ይደርሳቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1968 ፕሩዶ ቤይ በሚባለው በሰሜናዊው ጫፍ ከፍተኛ ነዳጅ ተገኘ። በ1969 ግዛቲቱ የመሬት ጨረታ አውጥታ 900 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ቀን አገኘች። ለዚያ ዘመን የማይታመን ገንዘብ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ! መንገድ ተሠራ፣ ደሞዝ ተከፈለ፣ አለቀ። ሕዝቡ ተናደደ። በ1976 ሕገ መንግሥታቸውን በድምፃቸው አሻሻሉ። ከማዕድንና ከነዳጅ ኪራይና ሮያሊቲ ቢያንስ 25 ከመቶው ቋሚ ፈንድ ውስጥ ይገባል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም። ይህን የጻፉት ተራ ሕግ ውስጥ ሳይሆን ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው፤ አንድ ገዢ በጠዋት ተነስቶ እንዳይሽረው። ጄይ ሃሞንድ የሚባለው ገዢያቸው ደግሞ «ከትርፉ ላይ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በእጁ ይሰጠው፤ ያኔ ፈንዱን ራሱ ይጠብቀዋል» የሚል ሐሳብ አራመደ። በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው 1,000 ዶላር ታደለ። በ2022 ከ3,200 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 1,702፤ በ2025 ደግሞ እንደገና 1,000 ዶላር። ፈንዱ ዛሬ 80 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው።

ጭቅጭቅ የለውም አይባልም። ነዳጁ ቀንሷል፤ በ1988 በቧንቧው በቀን 2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ያልፍ የነበረው ዛሬ ከሩብ በታች ነው። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ይዋል ወይስ በእጅ ይታደል እየተባለ በየዓመቱ ምክር ቤታቸው ይተራመሳል። በ2016 ገዢው ግማሹን ሲቀንሰው ከሥልጣን እስከመውረድ የደረሰ ጣጣ አስከትሎበታል። ያም ሆኖ የሚጨቃጨቁት ሒሳቡ ተገልጦ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ነው። እኛ የምንጨቃጨቀው ሒሳቡ የት እንዳለ ነው።

ከዚህ ከቼኩ ይልቅ ግን ለካሉብ የሚቀርበው የዚያው የሰሜኑ ጫፍ ሕዝብ ታሪክ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ነዳጁ ያለበት አገር ነባር ባለቤቶቹ ኢኑፒያት ይባላሉ። ዓሣ ነባሪና ካሪቡ የሚባለውን አጋዘን እያደኑ የሚኖሩ፣ ብዛታቸው ጥቂት ሺህ፣ የሚኖሩበት መሬት ግን ከብሪታንያ ደሴት የሚሰፋ ነው። አርብቶ አደር አገር አይመስላችሁም? ሰው ጥቂት፣ መሬት ሰፊ፣ ዋና ከተማው ሩቅ። በመንደሮቻቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ልጆቻቸው ከእናታቸው ተነጥለው በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ እስከ ኦሪገን ድረስ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በ1972 ኖርዝ ስሎፕ የሚባል የራሳቸውን የአካባቢ አስተዳደር አቋቋሙ። ለምን? የአካባቢ አስተዳደር የንብረት ግብር መጣል ይችላላ! በግዛቱ ውስጥ ያለው ንብረት ደግሞ የማን ነው? የነዳጅ ኩባንያዎቹ ጉድጓድ፣ ቧንቧና ማሽን። ኩባንያዎቹ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ «ይህ አስተዳደር ሊመሠረት አይገባም» ብለው ተከራከሩ። በ1974 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኢኑፒያቶቹ ፈረደ። ኤበን ሆፕሰን የሚባለው የመጀመሪያው ከንቲባቸው ግብሩን እየሰበሰበ በየመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ማሠራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከቤቱ እየወጣ ተማረ። በዚያ በረዶ ምድር የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። ዛሬም ቢሆን መስኮቹ የከበቧት ኑይቅሰት የምትባለው መንደር ነዋሪዎች ስለ አየሩና ስለሚሸሸው አጋዘን ያማርራሉ። የነዳጅ ጎረቤት መሆን ዋጋ አለው። ግን ሲያማርሩ የሚያማርሩት በራሳቸው ከንቲባ፣ በራሳቸው ጠበቃ በኩል ነው።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ናይጄሪያ ይሂድ። በ1956 ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በኒጀር ዴልታ፣ ኦሎይቢሪ በምትባል መንደር ነው። ጉድጓዷ ገና በ1970ዎቹ ደረቀች፤ መንደሯ ግን ዛሬም ድሃ ናት። በነፃነታቸው ጊዜ፣ በ1960፣ ሕገ መንግሥታቸው ከሀብቱ 50 ከመቶው ለወጣበት ክልል ይመለስ ይል ነበር። ከዚያ ወታደሮቹ መጡ። ቁጥሩ በአዋጅ እየተቆረጠ፣ እየተቆረጠ፣ በ1980ዎቹ 1.5 ከመቶ ላይ ደረሰ። ኬን ሳሮ ዊዋ የሚባለው ደራሲ የኦጎኒ ሕዝብ ድምፅ ሆኖ በመጮሁ በ1995 ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ተሰቀለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1999 ቢያንስ 13 ከመቶ ተባለ። በ2021 ደግሞ ኩባንያዎች ከዓመታዊ የሥራ ወጪያቸው 3 ከመቶውን ለአካባቢው ነዋሪዎች የአደራ ፈንድ እንዲያስገቡ ሕግ ወጣ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ 65 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ።

ካሉብን ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ። አብዮቱና ጦርነቱ መጣ፤ ወጣ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ቆፈሩ። ኢሕአዴግ ሲገባ የዓለም ባንክ ብድር መጣ፤ ቀጥሎ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ቀጥሎ የቻይና ኩባንያዎች። በ2007 ኤፕሪል አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ሠራተኞች ላይ በደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ 9ኙ ቻይናውያን፣ ሌሎቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። በምንም ሒሳብ ትክክል ሊባል የማይችል ግድያ ነው። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ላይ የወረደውን መከራም የሚያውቀው ያውቀዋል። በ2018 ጁን የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት ተጀመረ ተብሎ ተበሰረ። በ2022 የኩባንያው ፈቃድ ተሰረዘ። በ2025 ኦክቶበር 2 ደግሞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል የተባለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። የሁለተኛው ምዕራፍ ግብ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው። ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ተጥሏል፤ ከዳንጎቴ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ስምምነትም ተፈርሟል።

እኔ በዚህ ደስ አይለኝም አልልም። ማዳበሪያ በዶላር ለምንገዛ፣ ነዳጅ በሰልፍ ለምንቀዳ ሕዝብ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄዬ የሚኒያፖሊሱ ሰው ጥያቄ ነው፦ ሽላቦስ?

ሕገ መንግሥቱን ገልጣችሁ እዩት። አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ እዚያው ላይ አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ተጽፏል። አንቀጽ 43 አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ዜጎች ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ፌዴራሉና ክልሎቹ በጋራ ይጥላሉ፣ ይሰበስባሉ ይላል። ክፍፍሉን የሚወስነው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክፉ ሕግ አይደለም። ሸትላንዶች ሲጀምሩ ይህን ያህል እንኳ አልነበራቸውም።

ግን የገቢው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ሁለት ኪሶች ነው፤ ስለ አዲስ አበባና ስለ ጅግጅጋ። ሦስተኛው ኪስ የለም። ወረዳ የሚል ቃል የለበትም። የክልሉ ድርሻ ጅግጅጋ ይገባል እንበል። ከጅግጅጋ ሽላቦ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ገንዘቡ ያንን መንገድ በምን ይሄዳል? በአንድ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ? እሱ ሲነሳስ? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም?

ግመል አርቢው ለአንድ ዓመት ያጣው የግጦሽ መሬትና የተዘጋበት የመንገድ መስመር የማንም ደብተር ላይ አይሰፍርም። ቤት ቢፈርስበት የሚቆጠር ቆርቆሮ አለው። ቤቱ ግን ግመሉ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ነው፤ ምኑ ይቆጠርለታል? ሸትላንዶች የረብሻ ካሳ ያሉትን ሐሳብ እዚህ ላይ አስቡት። «ምን ፈረሰብህ?» ሳይሆን «ኑሮህ ምን ያህል ይናጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ውል ማለት ነው። ብርካው፣ ማለትም የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ፣ ጋዙ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ በሶማሊኛ ለሽማግሌዎቹ ይነበብላቸው የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ ቢኖር ስንት ሐሜትና ስንት ፍርሃት ይቀር ነበር! በ2020 አካባቢ ካሉብ ዙሪያ ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ሰውና ከብት ይገድላል የሚል ዜና በውጭ ጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ነዋሪው ብክለት ነው አለ፤ ባለሥልጣናት አስተባበሉ። ማን ልክ እንደሆነ እኔ እዚህ ስቱዲዮ ተቀምጬ አልፈርድም። ከቁፋሮ በፊት የተወሰደ የውሃ ናሙና በሕዝብ እጅ ቢኖር ግን ክርክሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር።

«አሁንማ ድስቱ ተጥዷል፣ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ቁጥሮቹን አየሁ። የተመረቀው 111 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ የታቀደው 1.33 ቢሊዮን። ማጣሪያው ገና መሠረቱ ነው የተጣለው። የማዳበሪያ ፋብሪካው ጋዝ የሚወስድበት ቧንቧ በግጦሽ መሬት ላይ ነው የሚያልፈው። ትልቁ ድስት ገና እሳት ላይ አልወጣም። ኩባንያው ገና መሬት የሚፈልግበት፣ ሰላም የሚፈልግበት፣ ፊርማ የሚፈልግበት ጊዜ ላይ ነን። ይህ ጊዜ ረጅም አይደለም፤ ሸትላንድ ላይ ሦስት ዓመት ነበር።

በአገር ቤት ያላችሁ፣ በተለይ በክልሉ ምክር ቤትና በፌዴሬሽን ምክር ቤት የተቀመጣችሁ፣ ከክልሉ ድርሻ ውስጥ ጋዙ ለሚወጣባቸው ወረዳዎች ምን ያህል ከመቶ እንደሚደርስ በቁጥር የሚያስቀምጥ ሕግ እንዲወጣ መጠየቅ መብታችሁም ሥራችሁም ነው። ከኩባንያዎቹ ጋር የተፈረመው ውል ለሕዝብ ይገለጥ ማለትም የአገር ምስጢር ማውጣት አይደለም። በውጭ ያላችሁ የሽላቦ፣ የቀብሪደሃር፣ የጎዴ ልጆች ደግሞ፣ በመካከላችሁ ጠበቆች አሉ፣ መሐንዲሶች አሉ፣ ሂሳብ አዋቂዎች አሉ። ለኤበን ሆፕሰን ሕዝብ ፍርድ ቤት የቆሙለት ውል ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ዳያስፖራው ለአገሩ ብር ሲልክ ኖሯል፤ ውል አንባቢ ቢልክ ደግሞ እስቲ እንየው።

የሚኒያፖሊሱ ተመልካቼ ዛሬ መንገድ ላይ ናቸው፤ በሬዲዮ መስመራችን እየተከታተሉኝ እንደሆነ ልከውልኛል። መልሴ ይኸው፣ ጋሼ። አለ። ሰሎም ቮ የሚባል ሰርጥ፣ ኖርዝ ስሎፕ የሚባል በረዶ ምድር። አሁን ስልኮቻችን ክፍት ናቸው። በመስመር ላይ ከአንኮሬጅ አንድ ደዋይ አለ ብለውኛል። ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ይሰማዎታል?